ሐምራዊውን የሚያደበዝዝ ቅጠል

መሣሪያው ሠላሳ ስምንት አለ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ያው ሠላሳ ስምንት። ብልቃጧን አውጥታ ጠረገች፣ መልሳ ከተተች፣ ክዳኑን ዘጋች። አሁንም ሠላሳ ስምንት። «እኔ ምን አባቴ ላድርግ!» አለች ለባዶው ላቦራቶሪ።

ሥራው እኮ እንዲህ የሚያስለቅስ አልነበረም። የመድኃኒት ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ ይጣራል። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ ይደረግና ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ቅጠሉ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር ካለው ሐምራዊው እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ መሣሪያው ከመቶ ስንት እጁ እንደደበዘዘ ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ከረጢት ቅጠል ሰማንያ ሰባት ሰጠ። ሁለተኛው አርባ አንድ። ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ያላግጥባታል።

«እጅሽ ነው» አሏት አማካሪዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «መሣሪያው ደህና ነው፣ ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው። የቀረው እጅሽ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

እጇ! ለማወዳደሪያ የምትለካው ቫይታሚን ሲ አንድም ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ታዲያ እጇ ለቫይታሚን ሲ ሲሆን ደህና፣ ለቅጠል ሲሆን ነው የሚሰንፈው? ይህንኑ ብትነግራቸው «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ጥለዋት ወጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላጠበችው ዕቃ፣ ያልቀየረችው ፈሳሽ አልነበረም። ከዚህ በኋላ የሚቀራት ቅጠሉን ራሱን መጠየቅ ነበር።

ከረጢቷን ይዛ አክስቷ ቤት ሄደች። ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ የሚላት ይህች አክስቷ ናት ያሳደገቻት፤ ቅጠሉን ከጓሮዋ እየቆረጠች የምትልክላትም እሷው ናት። እቴቴ በጠራራ ፀሐይ አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍናለች።

«እቴቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቅጠሉን ከየት ነው የምትቆርጪልኝ?»

«ከየት ልቆርጠው ኖሯል? ከቁጥቋጦው ነዋ።»

«ከየትኛው ቁጥቋጦ?»

እቴቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «የፊተኛው ከጓሮ ነው። የኋለኞቹ . . . መንገድ ዳር ካለው አጥር። አቧራ ብቻ ነው ያለበት። ደግሞስ ፈጭተሽ ለመሣሪያ ልታጠጪው አይደል? መሣሪያ ምን ይመርጣል?»

«ጉድ ፈላ! እኔ ‹እጅሽ ነው› እየተባልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ አንቺ የመንገድ ዳር ቅጠል ትልኪልኛለሽ? ምናለ አንድ ቃል ብትነግሪኝ? በይ የጓሮውን ልቁረጥ፤ ገና አሥር ቀን አለኝ፣ እደርሳለሁ።»

እቴቴ «ቆዪ» ስትል እሷ ጓሮ ደርሳለች። ቁጥቋጦው እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። አንድ ቅጠል፣ ለምልክት የሚሆን አንድ ቅጠል የለበትም። እየሮጠች ተመለሰች።

«ማነው የጨረሰው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ማታ እየጠጣሁት።»

«ለምን?»

«እንዴ! አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ‹እቴቴ፣ ቅጠልሽ ከመቶ ሰማንያ ሰባት አመጣ!› ብለሽ በስልክ ስትጮኺ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። አንቺ ራስሽ በትምህርት ቤት ሰማንያ ሰባት አምጥተሽልኝ አታውቂም። እንዲህ ያለ ጎበዝ ቅጠል ጓሮዬ እያለ የግፊት ክኒኑን ምን ልሁን ብዬ ልዋጥ? ይኸው ከተውኩት ሦስት ወሬ።»

ተማሪዋ ብርድ ልብሱን ገለጠች። የእቴቴ እግር ቁርጭምጭሚቱ እስኪጠፋ አብጧል። በአውራ ጣቷ ጫን ብታደርገው ጎደጎደና እንደጎደጎደ ቀረ። በአክስቷ ትናደድ በራሷ ጠፋት።

«እቴቴ፣ ቁጥሩ ስለ ግፊት አይደለም እኮ። ስለ ሰውም አይደለም። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም ነው የሚያደበዝዘው። ቀለም ብቻ!»

እቴቴ ትክ ብላ አየቻት።

«ታዲያ ያን ያህል ምን አስደሰተሽ?»

ተማሪዋ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር የአክስቷን ጫማ ጎትታ አወጣች። ግራውን አስገባለሁ ብትል አልገባ አለ፤ ማሰሪያውን እስከ ታች ፈታችው።

«ወዴት ነው?» አለች እቴቴ።

«ሐኪም ቤት።»

«አሥር ቀን ነው ያለኝ አላልሽም? ቅጠሉ በሁለት ወር መልሶ ያቆጠቁጣል፣ አስተማሪሽን ለምኛቸው። ትምህርትሽስ?»

«እደግመዋለሁ!» ብላ ጮኸችባት፣ እንባዋ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ። «እግርሽን ስጪኝ!»