ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መኪና

ወንድሟ ስፖርት መኪና ሊገዛ ነው ሲሏት ወንበር አልባሿ መርፌዋን የምትሰፋው ሶፋ ላይ ሰክታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምን ታድርግ! ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ሆዱ ከመሪ ጋር መነካካት የጀመረ ሰውዬ፣ ጣሪያው ከወገብ በማይበልጥ፣ ደግሞም አሮጌ በሆነ ባለ ሁለት በር መኪና ልቡ ጠፍቷል አሉ። እንኳን ሊነዳው፣ ገብቶ መውጣቱስ ይሆንለታል?

ሳቋ ሲያልቅ ግን ፍርሃት ፍርሃት አላት። ማሙሽ፣ የልጆች አባት ሆኖም አገሩ ሁሉ ማሙሽ ነው የሚለው፣ ያለችው አንዲት የዕቃ መኪና ናት። ልጆቹን የሚያበላው በእሷ ነው። እህቱም ብትሆን የሠራችውን ሶፋ ለደንበኛ የምታደርሰው በዚያችው መኪና ነው። ስፖርት መኪናውን ልግዛ ካለ የዕቃ መኪናዋን መስጠቱ አይቀርም፤ ሌላ ምን አለው? እንግዲህ የሁለት ቤት ኑሮ በአንድ ጎልማሳ ፍቅር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

"እታለም፣ መጥተሽ እይልኝ" አላት በስልክ። "አንቺ ካየሽው ልቤ ያርፋል።"

"እኔ መካኒክ ነኝ እንዴ?"

"መካኒክ የሚያየው ሞተሩን ነው። አንቺ ነሽ መኪናውን የምታዪው።"

እንዲህ ተብሎ የማይሟሟ ሰው ካለ እስቲ ይምጣ! እሷም ቀሚሷን ከክር አራግፋ፣ ፊት ለፊቷ ጋራዥ ወዳለው መካኒክ ተሻገረች። ባታውቅም ማወቅ ትወዳለች፤ አንድ ነገር ከጠየቀች ደግሞ ሥሩን ሳትይዝ አትመለስም።

"አሮጌ ስፖርት መኪና ሲገዛ ምን ይታያል?" አለችው።

መካኒኩ ከመኪና ሥር ሳይወጣ መለሰላት። "መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ ድረሺና ኮፈኑን በእጅሽ ዳብሺው። ከሞቀ፣ ባለቤቱ ቀድሞሽ አሙቆታል፤ በሽታው የሚታየው ደግሞ በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። ጭሱን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ሆኖ አልቆም ካለ ውሃ እየገባ ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ ገላውን አስኪጂው፤ የማይዝበት ቦታ ላይ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው ያለው።"

"ሌላስ?"

"መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። እንደሱ ዓይነት መኪና ስለተበላሸ አይደለም ሰው የሚያማርረው። አንዲት ዕቃ ስትጠበቅ ቆሞ ሲከርም ነው።" ከዚያ ብቅ አለና በዘይት የተለወሰ ጣቱን ቀሰረባት። "ሥሩን ሳታዪ ደግሞ እንዳትወጂው።"

"ፍቅር የያዘው እኔን አይደለም" አለችና ማግኔቱን ተውሳ ሄደች።

ባለመኪናው ሙሽሮችን የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ የወንድሟ የዕቃ መኪና ታጥባ፣ ተጠርጋ፣ እንደ አዲስ አብለጭልጫ ቆማለች። ማሙሽና ንጽሕና የሚተዋወቁ አልነበሩም። ለእኔ ክብር ይሆናል ብላ ደስ አላት።

ግቢው ውስጥ ያኛው ቆሟል። ቀዩ። ወይ ጉድ! አፍንጫው ረዝሞ፣ ጀርባው አጥሮ፣ ልክ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ድመት ለጥ ብሎ ተኝቷል። ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቷል፤ አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል።

ሰላምታው እንዳለቀ በቀጥታ ኮፈኑን ዳበሰችው። ቀዝቃዛ ነው። ማግኔቱን ስታስኬድ እየያዘ፣ እየያዘ መጣና ከኋላው ጎማ በላይ ሸርተት አለባት።

"እዚህ ጋ ስቱኮ አለ" አለች።

"አለ" አለ ፎቶ አንሺው። "አንድ ሙሽራ ካልነዳሁ ብሎኝ ከግቢዬ በር ጋር ያጋጨው እለት ነው። ሙሽራ እንዴት ይቆጣሉ?"

ቀጥሎ ወደ ውስጥ አጎነበሰች። የሄደው ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው፤ ወንበሮቹ ግን ሁለቱም ጎናቸው ተጨራምቷል። ይሄ ለእሷ የዘወትር ሥራዋ ነው። ብዙ የሄደ መኪና የሾፌሩ ወንበር ይበላል እንጂ የተሳፋሪው እኩል አይበላም። ቆጣሪው ተመልሶ ይሆን? ቀና ብላ ፎቶ አንሺውን በጥርጣሬ አየችው።

"ወንበሩና ቆጣሪው አልተስማሙልኝም" አለችው።

ሰውዬው ሳቀ። "እትዬ፣ ይሄ መኪና ቆሞ ነው ያረጀው። ሙሽሮቹ ይገቡበታል፣ ይወጡበታል፣ አነሳቸዋለሁ፤ አይሄድም። ቬሎ ለብሳ ስትገባ የምትሆነውን ቢያዩ ኖሮ ወንበሩ መቆየቱም ይገርምዎት ነበር።"

እሷም ሳቀች። እንደዚህ ያለ መልስ ትወዳለች። ስለ መለዋወጫው ስትጠይቀው ደግሞ "እሱስ መከራ ነው፣ አልዋሽዎትም፤ ለአንድ የበር መስታወት አንድ ክረምት ጠብቄያለሁ" አላት። ሻጭ ሆኖ ዕቃውን የማያሞግስ፣ ዋጋ የማያነሳ፣ ነውሩን ራሱ የሚናገር ሰው በዕድሜዋ አላየችም። ምን ዓይነቱ ነው? ይህ ነገር ውስጧን በላት፤ ግን ሌላ ነገር ሳባትና ተወችው።

ማሙሽ ሞተሩን አስነሳው። እሷም ኋላው ሄዳ ጭሱን አየች፤ ትንሽ ነጭ አለና ጠፋ። ድምፁ ግን... ድምፁ መጀመሪያ ወፈር ብሎ አጉረመረመና ሲረጋጋ ደረቷ ውስጥ ገባ። "እስቲ ትንሽ ነዳጅ ስጠው" አለች ሳታስበው። ሰጠው። "እስቲ ደግመው!" ደገመው። ሴትዮዋ ልጅ ሆና አረፈችው። ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ መቀመጫዋ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ፊት ለፊታቸው ያ ረጅም ቀይ አፍንጫ አለ። ሥሩን ሳታዪ እንዳትወጂው ያላት መካኒክ ትዝ አላት፤ የመኪናው ፍቅር ግን ቀድሞ ይዟት ነበር።

"አጥፋውና ውረድ" አለች። "ወንበሩን ላንሳው።"

ይሄ የሥራ ልማዷ ነው። ሥሩን ያላየችውን ወንበር አታምንም። ፎቶ አንሺው መፍቻ ሰጣት፤ ብሎኖቹን ፈትታ የሾፌሩን ወንበር አወጣችና ግቢው ውስጥ ገለበጠችው። የሥሩን ጨርቅ በመቀስ ጫፍ ትንሽ ተረተረችና ጣቷን በስፌቱ ውስጥ ሰደደችው። ስታወጣው ጣቷ ላይ ቡናማ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነገር አለ።

አቧራ አይደለም። አቧራ ከላይ ወርዶ ነው የሚቀመጠው፤ ይሄ ከታች ወደ ላይ ነው የወጣው። ስፖንጁን ገለጥ አደረገች። የላዩ ክፍል ንጹሕ ነው፤ የታችኛው ሻይ የተደፋበት መስሏል፤ መሐላቸው በመስመር የተሰመረ ያህል ተለይቷል። ሽቦዎቹም እስከዚያው ድረስ ዝገዋል። ምንጣፉን አየችው፤ አዲስ ነው። ለምን አዲስ እንደሆነ ያኔ ገባት።

"ይሄ መኪና ጎርፍ ውስጥ ገብቷል" አለች። "ውሃው እዚህ ድረስ ነበር።"

ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ ስገዛው ምንጣፉ እንዲሁ ነበር። በልጆቼ እምላለሁ፣ አላወቅኩም።"

አመነችው። ሲዋሽ እንዲያ የሚሆን ሰው የለም። "ሽቦው በሙሉ በወለሉ ሥር ነው የሚያልፈው" አለች ወደ ወንድሟ ዞራ። "ዛሬ ይነሳል። ነገ አንዱ መብራት እምቢ ይልሃል፤ ከነገ ወዲያ ሌላው። አንድ ቀን መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። አንተ ደግሞ ልጆች አሉህ። ተወው፣ ማሙሽ። ሌላ እንፈልጋለን።"

ማሙሽ ግንቡን ተደግፎ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ምነው?" አለችው። "አልገዛኸው!"

ፎቶ አንሺው ጉሮሮውን ጠረገ። ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ቁልፉን ታውቀዋለች፤ ማንጠልጠያውን ከተረፈ ቆዳ የሰፋችው ራሷ ናት። የዕቃ መኪናዋ ቁልፍ ነው።

"ትናንት ተለዋወጥን" አለ ሰውዬው። "እኔ መብራቶቼን የምጭንበት እፈልግ ነበር። እህቴ መጥታ ትየው ሲለኝ ለማሳየት ብቻ መስሎኝ ነው።"

ክው አለች። የታጠበው፣ የተጠረገው፣ ዋጋ አለመነሳቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባት። ደሟ ፈላ። "አንተ! ከገዛህ በኋላ ነው እንዴ መኪና የሚመረመረው? ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?"

"ጥሩ ነው እንድትይኝ።"

"ቀድመህ ብትጠይቀኝስ?"

"ቀድሜ ብጠይቅሽ ተወው ትይኛለሽ!" ጮኸባት። በሕይወቱ ጮኾባት አያውቅም። "ልክም ትሆኛለሽ! ሁሌ ልክ ነሽ፤ እኔም ሁሌ እተዋለሁ። አንዴ እንኳ፣ አንዴ እንኳ የራሴን ነገር ይዤ ልጠብቅሽ ብዬ ነው!"

ፎቶ አንሺው ቁልፉን ቀዩ ኮፈን ላይ አስቀመጠው። "እኔ የሰው እንባ አልፈልግም። ይውሰዷት። ካልፈለጉም ውላችን ውል ነው፤ እንደተመቻችሁ።"

ማሙሽ እህቱን አያት። ውሰዳት የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። በአንድ ነገር ላይ ዝም ብላ የማታውቀው ሴት፣ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ልጆቹ በዓይኗ እየመጡባት፣ ለደንበኛ ያልደረሰው ሶፋዋ እየታያት፣ ዝም።

እሱ ተነሳ። ወንበር በሌለበት በኩል ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደና ሞተሩን አስነሳው። ጥቂት አዳመጠው። አጠፋው። ከዚያ ከኮፈኑ ላይ የዕቃ መኪናዋን ቁልፍ አነሳና ማንንም ሳያይ ወጣ።

መንገዱን አጋመሱ። የዕቃ መኪናዋ ማርሽ ያንገጫግጫል፤ ኋላዋ ባዶ ስለሆነ ትንኳኳለች።

"እታለም" አለ ማሙሽ።

"ወዬ።"

"ድምፁን ሰምተሽዋል፣ አይደል?"

"ሰምቼዋለሁ።"

"እስቲ ዋሺኝ። አይረባም በይኝ፣ ትንሽ እንዲቀለኝ።"

አፏን ከፈተች። ልትለው ነበር፤ አልወጣላትም። "አልችልም፣ ወንድምዬ" አለችው። "እንደሱ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

ማሙሽ መኪናዋን ጥግ አስያዘና አቆማት። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም አላባበለችውም፤ አብራው አለቀሰች።