እግር ያለው ዋርካ

«ዋርካ መቼም እግር የለው» አለች ሰብሊ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ሦስተኛውን ጥግ ካመለከቷት በኋላ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ አባቷ የሳለውን ሥዕል በስልኳ እያሳየች ካዛንቺስን ስትዞር ነበር። አንደኛው ሰው ዋርካው ከመናኸሪያው በታች ነበር አሏት። ሁለተኛዋ ከዳቦ ቤቱ ፊት ነው ብለው ማሉ፤ ዳቦ ቤቱም ከፈረሰ ቆይቷል። የአሁኑ ደግሞ ወደ አንድ የድንጋይ ግንብ ጠቆሙ። ሰብሊ አሥራ አምስት ዓመት መሬት የለካች ቀያሽ ናት፤ አንድ ዛፍ ሦስት ቦታ እንደማይበቅል ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም።

አባቷ በለጠ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ ያሳደጋት ሰው ነበር። ለራሱ የሳለው ይህን አንድ ሸራ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ፣ የጥርብ ድንጋይ ግንብ፣ ፊቷ በቢጫ ጃንጥላ የተጋረደ ሴት፣ ከግራ ገብቶ መንገዱን እስከ ግማሽ የሸፈነ ወፍራም ጥላ አለበት። ከጀርባው «ከዋርካው ሥር፣ ካዛንቺስ፣ 1979» ብሎ ጽፏል። ሥዕሉ ዕድሜዋን ሙሉ ሳሎን ተሰቅሎ ኖሯል፤ እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ ግን የሥዕል ነገር አይገባኝም እያሉ አንድም ቀን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሥዕሉ የሚታይበት ኤግዚቢሽን ይከፈታል። አዘጋጁ ፋኑኤል በዚያ ዘመን እዚህ ሠፈር ዋርካ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም፤ ስለዚህ ከሥሩ «ምናባዊ ሥፍራ» ብሎ ሊለጥፍበት ነው። አባቷ ደግሞ እስኪሞት «ያላየሁትን አልስልም» ይል ነበር። ከዚህ ቃሉ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። አሁን መልስ መስጠት በማይችልበት ጊዜ ውሸታም ሊባል መሆኑ ሰብሊን አንገብግቧታል።

ቦታውን እንደምታገኘው ግን አልተጠራጠረችም። ቤቱ ቢፈርስ፣ መንገዱ ቢሰፋ፣ ቁልቁለት ቁልቁለት ነው፤ አስፋልት ያለብሱት እንደሆነ እንጂ ጠቅልለው አይወስዱትም።

ከግንቡ ማዶ፣ ከመፍረስ በተረፈች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው አቶ ገብረጻድቃን የስፌት መኪናቸውን አቁመው ስልኳን ተቀበሏት። ሥዕሉን አይተው፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብበው፣ መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ።

«ልጄ፣ ዛፍ ነው እንዴ የምትፈልጊው? ዋርካ የተባሉትማ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ አባዲ!»

ጋሽ አባዲ በር የሚሞሉ ግዙፍ ሰው ነበሩ። ሠፈሩ ለሽምግልና የሚሰበሰብበት ዛፍ ስላልነበረው የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄድ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። ብርድ ስለማይወዱ በርጩማቸውን ይዘው ፀሐይዋን ይከተሉ ነበር። ጠዋት ግንቡ ጥግ፣ ቀትር ላይ ዳቦ ቤቱ ፊት፣ ወደ ማታ ከመናኸሪያው በታች ይቀመጡ ነበር።

ሦስቱም ሰዎች እውነታቸውን ነበር። ሰብሊ ሥዕሉን መልሳ አየችው። ቁልቁለቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ግራው ምሥራቅ። ጥላው ከምሥራቅ ከመጣ ጊዜው ጠዋት ነው።

ግንቡ ጥግ ሄዳ ድንጋዮቹን ቆጠረች። ከታች በሦስተኛው ረድፍ ያለው ቀይ ድንጋይ በሥዕሉም አለ። ሆኖም ቆማ ስታየው መስመሩ አልገጠመላትም። ወዲያው ገባት፤ «ሥር» ማለት ሥር ነው፤ አባቷ የሳለው ከጋሽ አባዲ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ በሥራ ሱሪዋ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች፤ ግንቡም መንገዱም ቦታቸውን ያዙ። ተከትለዋት የመጡት አቶ ገብረጻድቃን ከጎኗ ቆመው ዋርካ ሊሆኑላት ሞከሩ፤ ቀጭን ጥላቸው ከጉልበቷ አላለፈም።

ደስ አላት፣ ከልቧ። ለፋኑኤል ደውላ ወረቀቱን እንዲቀድደው፣ የጋሽ አባዲንም ስም እንዲጽፍ ነገረችው። እሺ አለ።

«አባትሽ ግን ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» አሉ አቶ ገብረጻድቃን። «እዚህ የሚቀመጥ የተጣላው ሰው እስኪመጣ የሚጠብቅ ነበር።»

ሰብሊ ጃንጥላ የያዘችውን ሴት አየቻት። ሁልጊዜ የምትሄድ ትመስላት ነበር። ከዚህ ከታች ሲያይዋት ግን እየመጣች ነው።

እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ እኔ ሳልወለድ ቢጫ ጃንጥላ ነበረሽ?»



«ሳለኝ እንዴ?» አሉ እናቷ።