የሠርግ ካሜራ በኩሬው ዳር

ፈዲላ የካሜራዋን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለች የናይማን ወሬ ታዳምጣለች። ከሐርጌሳ ወጣ ብሎ ያለው ኩሬ ለውሃ ወፎች የተከለለው በቅርቡ ነው። በሩ ላይ ለሚሰቀለው ሰሌዳ የናይማ ቢሮ ፎቶ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲል፣ ፎቶ የምታነሳ የማውቃት ልጅ አለች ብላ የተሟገተችው ራሷ ናይማ ናት። ሁለቱም ጅግጅጋ ስላደጉ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ቢሮው ይህን አንድ ጠዋት ሰጥቷቸዋል።

ፈዲላ በሐርጌሳው ጋአን ሊባህ ሰፈር የሴቶች የሠርግ ድግስ ስታነሳ ዓመታት አልፈዋል። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ለወንድ ዓይን ስለማያወጡ ሥራዋ ሁሉ በየቤቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀራል። መንገደኛ ቆሞ የሚያየው አንድ ፎቶ እንዲኖራት ትፈልጋለች።

እግሮቿ ቀይ ክር የመሰሉ ጥቁርና ነጭ ወፍ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆማለች። ፈዲላ ተጠግታ የካሜራውን ቁልፍ ስትጫነው ብልጭ አለ። ፍላሹ ከትናንቱ የሠርግ አዳራሽ እንደበራ ነበር። ኩሬው ላይ አንድም ወፍ አልቀረም።

ናይማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ሙሽራ መሰለችሽ እንዴ? በይ እልል በይላት ደግሞ።»

«አብሽሪ» አለች ፈዲላ ፍላሹን እያጠፋች። «ሴቶቹም መጀመሪያ እንዲህ ናቸው።»

አዳራሽ ስትገባ ሻሽ ሁሉ ፊት ላይ ይሳባል። እሷ ግን ማንንም አታሳድድም። በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ካሜራውን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃለች፤ እስኪረሷት። አሁንም ጭቃው ላይ ዘፍ አለችና ጀርባዋን በከፊል ለኩሬው ሰጥታ ስለ ናይማ ልጆች በዝግታ ትጠይቅ ጀመር። ናይማ ቀሚሷን ሰብስባ እያጉረመረመች ተቀመጠች፤ ቢሮው ደውሎ እንደሆነ ስልኳን ደጋግማ አየች።

ፀሐዩ ሲጠነክር ወፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ባለ ቀይ እግሯ መጨረሻ ላይ መጣች። ፈዲላ ካሜራውን ከጭኗ አላነሳችም፤ የካሜራውን ስክሪን ቁልቁል እያየች ጠበቀች። ወፏ ምንቃሯን ነክራ ቀና ስትል ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠለጠለ። ያኔ ተጫነችው።

ናይማ ፎቶውን አቅርባ አየችው። ከዚያ በስልኳ አንስታ ለቢሮው ላከች። መልሱ ብዙ አልቆየም።

«ስምሽ እንዴት ነው የሚጻፈው ይላሉ፤ ሰሌዳው ላይ ከሥር ሊያደርጉት። ግን አባዮ፣ እህቴ፣ ወፏን አስፈቅደሻታል?»

«ዞራ አይታኝ ዝም አለች» አለች ፈዲላ።

ፍላሹን ከካሜራው ነቅላ በጨርቁ ጠቀለለችውና ከቦርሳዋ ሥር ከተተችው።