ባዶ ድስት ሁሉ ቀላል ነው

ባልየው እንደሚለው፣ መረቁ ያረረው ድስቱ ቂጡ ስስ ስለሆነ ነው፤ እሳት ሲነካው ወዲያው ይይዛል። አማቷ እንደሚሉት ደግሞ ድስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ምንም አላሳረረም፤ ያረረው ምራታቸውን እንቅልፍ ስለጣላት ነው። ምራትየዋ ነርስ ናት፤ ሁለቱንም እየሰማች ያረረውን ድስት ትፈገፍግ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበር። ከአዳር ሥራ ጠዋት ገብታ፣ የሳምንቱን መረቅ ጥዳ፣ አረፋው እስኪነሣ ብላ ቁጭ ባለችበት አሸለበች። የቀሰቀሳት ጭሱ ነው። በሳምንት ያላት የዕረፍት ቀን አንድ ነው፤ እሱንም የሚበላባት ድስት ነው።

«ያረረበት ያማስላል» አሉ አማቷ ጫማቸውን እያጠለቁ፤ ሦስቱም አዲስ ድስት ሊገዙ ወደ ዕቃ መሸጫው ሄዱ።

ሻጩ ሁለት ድስት አወረደ። የሁለቱም ታች ወፍራም ነው፤ አንዱ ግን የሕፃን መታጠቢያ ያህላል፤ ሌላው የዚያ እኩሌታ ነው። ባልየው ትልቁን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በጣቱ ቆረቆረው።

«ይሄ ነው! አንዴ ከጣድሽ ሳምንቱን ሙሉ ተገላገልሽ።»

«እንቅልፏ ሲመጣም ገብታ ትተኛበታለች» አሉ አማቷ።

ሻጩ ሳቀ። ነርሷም ሳትወድ ፈገግ አለች።

«ወንድሜ፣ ውሃ ይኖርሃል?»

«ልትጠጪ ነው እህቴ?»

«ለድስቱ ነው።»

ሻጩ ግራ እየገባው በባልዲ አምጥቶ ትልቁን እስከ ጆሮው ሞላው። ነርሷ ወደ ባሏ ዞረች።

«እስቲ አንሣልኝ። ከምድጃ አውርደህ ማጥለያው ላይ ልትገለብጠው ነው እንበል።»

ባልየው እጅጌውን ሰብስቦ ያዘው። ድስቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ተነሣ፤ ውሃው ተናጠና ሱሪውን አራሰው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ እንግዲህ ቀዝቃዛው ነው» አለች፣ ድምፅዋ ዝሎ። «እኛ በሽተኛ እንኳ የምናነሣው ለሁለት ነው።»

ባልየው የቀላ መዳፉን አየ። «እስከዛሬ ብቻሽን ነበር የምታወርጂው?»

«የኔን ወገብ ማን የጨረሰው መሰለህ?» አሉ እናቱ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፍ አላነሡም።

ነርሷ የትንሹን ድስት ጆሮ ያዘች።

«ትንሹን እንወስዳለን» አለች። «ለሳምንት አይበቃም፤ ሐሙስ ሐሙስ የምትጥደው አንተ ነህ።»