ያልተነሣ እጅ

እንድርያስ ቡናው ውስጥ ብቻውን ነበር። ሸኮ አገር በለቀማ ወቅት ብቻውን የሚለቅም ሰው ማየት ደግ ነገር አይደለም፤ ወይ ዘመድ ጎረቤት አልቆበታል፣ ወይ ዘመድ ጎረቤት ትቶታል። ግማሹ ፍሬ እዛፉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል፤ ከቀረውም ብዙው ረግፎ ጉንዳን ወርሮታል።

ጎረቤቱ ይስሐቅ የማሳቸው ድንበር ላይ ቆሞ አየው። ጠዋት ሚስቱ ንጋቷ፣ «እንድርያስ ማሳውን ለሰው ሰጥቶ ቴፒ ሊገባ ነው አሉ። ደቦ የሚወጣለት አጥቶ እኮ ነው፣ የሰሎሜ አባት» ብላው ነበር። ከዚያም ቀና ብላ ሳታየው፣ «እንግዲህ ደስ ይበልህ» አለች። ቁርሱን ትቶ ተነሣ።

ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ ድንበር ላይ፣ ለአንድ እግር ቡና ተጣልተው እንድርያስ የይስሐቅን ግንባር በዱላ ፈንክቶታል። ይስሐቅ ያኔ ገጀራ ይዞ ነበር። አላነሣውም። «ጌታ ስለ እኔ ተመትቷል» ብሎ ደሙን እየጠረገ ቤቱ ገባ። ያን ቀን እውነቱን ነበር፤ በልቡ ቅንጣት ቂም አልነበረም። ነገር የተበላሸው እሁድ ነው። ጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ፤ ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ጣመው። በዓመቱም መሰከረ፤ ሚዛን ከተማ በተደረገው ኮንፈረንስም መሰከረ። ሽማግሌ አድርገው መረጡት። በመሰከረ ቁጥር ዱላው እየወፈረ፣ እንድርያስም እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ እንድርያስ ከጸሎት ቤት ቀረ፤ ሰውም ከእንድርያስ ደጅ ቀረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይስሐቅ ግን የወጋው ማን እንደሆነ ዛሬ ግራ ገባው።

እጅ መሰብሰቡንስ ችሎበት ነበር። መውደዱን ነው ያልነካው። እግዚአብሔር የሚወደውን ሰው የስብከት ምሳሌ አድርጎ ሲነግድበት ኖረ።

ድንበሩን ተሻገረ። ቅርጫት አልያዘም፤ ጃኬቱን አውልቆ መሬት ላይ ዘረጋና ቀይ ቀዩን እየለየ ይለቅም ጀመር። እንድርያስ ዞር ብሎ አየውና ወደ ለቀማው ተመለሰ። ሁለቱም ጎን ለጎን ሲለቅሙ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች።

«እንድርያስ» አለ ይስሐቅ። «አንተ አንዴ መታኸኝ። እኔ ግን በየጉባኤው ስመታህ ኖርኩ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

እንድርያስ የያዘውን ቅርንጫፍ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው።

«ይስሐቅ» አለ፣ «ይቺንስ እሁድ ትመሰክራታለህ?»

ይስሐቅ «ኧረ በፍጹም» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ከቤቱ እስከዚህ ድረስ፣ መንገዱን ሁሉ፣ የእሁዱን ምስክርነት በምን ቃል እንደሚጀምር ሲያሰናዳ ነበር የመጣው። አፉን መልሶ ዘጋ። ጎንበስ ብሎ ከጉንዳኑ መሃል የረገፈውን ይለቅም ጀመር።