ሦስት ቋጠሮ

የውብዳር ከወለደች አራት ወር ቢሞላትም ልጇን አንድ ቀን አዝላት አታውቅም። ከኋላ ያለ ልጅ አይታይም፤ የማይታይ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ ሽመክት ከሀገር ቤት፣ ከናዝሬት ገዝቶ በሰው እጅ የላከላት የጨርቅ አንቀልባ እንደታጠፈ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

አንድ ጠዋት ሽመክት ደወለ። ሌላ መስመር ላይ ተመድቦ ከርሞ ልጁን እስካሁን በዓይኑ አላያትም።

"ከወደቡ ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ባልባላ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እንነሳለን። ፀዳልን ይዘሽልኝ ነይ፤ ሳላያት እንዳልመለስ!"

በዚህ የወደብ ከተማ የካርቲየ 6 ሰፈር ጎረቤቷ እትዬ ማይሙና ድሬዳዋ ተወልደው ስምንት ልጅ በጀርባቸው ያሳደጉ ናቸው።

"በዚያ ግፊያ ታቅፈሻት ልትሳፈሪ? አቦ አትቀልጂ! ጎንበስ በይ።"

"ብትወድቅስ?"

"ጎንበስ በይ አልኩሽ።"

"ብትታፈንስ?"

"ወላሂ፣ ዝም ካላልሽ አንቺንም አዝልሻለሁ!"

ጎንበስ አለች። ማይሙና ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ ለጠፍ አድርገው ከሳጥኑ ባወጡት አንቀልባ ሸፈኗት፤ የላይኞቹን ማሰሪያዎች በትከሻዋ አሳልፈው ደረቷ ላይ አጣመሩ፣ ከታችኞቹ ጋር ወገቧ ላይ አገናኝተው ቋጠሩ። "በቃ፣ ሂጂ።"

የውብዳር ግን 'የፈሩት ይደርሳል' የሚለውን ተረት አጥብቃ የምታምን ናትና፣ አሮጊቷ ዞር ሲሉ ሁለት ቋጠሮ ጨመረችበት።

ሚኒባሱ ውስጥ ጀርባዋን ወንበር ሳታስነካ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ሄደች። በየፌርማታው ከኋላዋ ወደተቀመጡት ሶማሌ እናት ዞር እያለች፣ ቋንቋ ስለማይግባቡ የራሷን አፍንጫ በጣቷ ታሳያለች፤ ልጄ ትተነፍሳለች ወይ ለማለት ነው። በሦስተኛው ሴትዮዋ ሰለቹና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ፀዳል አፍንጫ አስጠጉ። ሕፃኗ አነጠሰች። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ስትደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሽመክት እየሮጠ መጥቶ ከኋላዋ ዞረ። ፀዳል ፊቷን እናቷ ጀርባ ውስጥ ቀብራ እንቅልፏን ትለጥጣለች፤ የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው።

"ፍቺያት እንጂ!"

የውብዳር ቋጠሮውን ጎተተች። በላብ ርሶ ድንጋይ ሆኗል። በጎተተች ቁጥር ይብስ ጠበቀ። ከፊት ያሉት መኪኖች ሞተር አስነሱ።

"አላልኩም? ሳታያት ልትሄድ ነው!" እንባዋ መጣ።

"ቢላዋ ላምጣ?" አለ ጓደኛው ሁንዴ።

"ቢላዋ!" ብላ የውብዳር በድንጋጤ ጮኸች።

ሽመክት ተንበረከከ። "የጭነት ሸራ ስቋጥርና ስፈታ አይደል ዕድሜዬ ያለቀው? መጎተትሽን ተዪ።" ማሰሪያውን ከመሳብ ይልቅ ወደ ቋጠሮው ውስጥ ገፋ፣ ገፋ አደረገው። አንዱ ላላ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው በራሱ ጊዜ ተፈታ።

ፀዳል ዓይኗን ገልጣ አባቷን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ጺሙን ጨብጣ ጎተተች።

"ኧረ እጇ!" አለ ሽመክት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ወዲያው ጎንበስ አለ። "በይ፣ አሳዝይኝ።"

አሳዘለችው፤ እሱም አንቀልባውን በጭነት ቋጠሮ ራሱ አሰረው። ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ።

"ሽመክት! አዲስ ተሳቢ ቀጠልክ እንዴ?" አለ ሁንዴ።

ስንቱን ገደል በአንድ እጁ እየነዳ የወረደው ሰው እንቁላል ላይ እንደሚሄድ እየተራመደ አምስት እርምጃ ሄደና ቆመ። አንገቱን ሳያዞር፣

"የውቤ… ትተነፍሳለች?" አለ።

የውብዳር ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ተኝታለች። ዝም ብለህ ንዳ!"