ጣት ሲነሳ የሚጠፋ መብራት

ጣቱን ሲያነሳ መብራቱ አሁንም ድርግም አለ።

"ጠፍተህ ቅር!" ብሎ ታብሌቱን ሶፋው ላይ ወረወረው፤ ወዲያው ደግሞ ተሰብሮ እንዳይሆን ደንግጦ አነሳው።

ታብሌቱ ላይ ያለው ጨዋታ ይባል እንጂ የፋብሪካው ፈተና ነው። አዲስ ማሽኖች ሊገቡ ስለሆነ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ሰባተኛውን ደረጃ ያለፈ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥልጠና ይገባል፤ ያላለፈ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ሲያስነሳ የኖረ ሰው ብሎን ቆጣሪ ሊሆን ነው። አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የሚጠየቀው ሲያዩት ቀላል ነው፦ አንዱ ቁልፍ ተጭኖ ሲለቀቅ መብራቱ በርቶ ይቆይ፤ ሌላው ሲጫን ይጥፋ። የተሰጡት ሦስት በሮች ናቸው። "ወይም" ከሁለት አንዱ ከመጣለት ያሳልፋል፤ "እና" ሁለቱም ካልመጡ አያሳልፍም፤ "አይደለም" የመጣለትን ይገለብጣል።

"ሞተር ቢሆን ረዳት ኮንታክት አስሬ እገላገለው ነበር" ብሎ አጉረመረመ። ጨዋታው ውስጥ ደግሞ ረዳት ኮንታክት የሚባል ነገር የለም፤ ሦስቴ ፈልጎ አጥቷል።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ከጀርባው መጣች። እሷ ትናንት ጨዋታውን በስልኳ አውርዳ ጨርሳዋለች።

"አባዬ፣ ልንገርህ?"

"ማን ጠየቀሽ? አትነዝንዢኝ፣ ሂጂ ወደ ጥናትሽ!"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ጩኸቱ ለራሱም አስጠላው። ሁለቴ ሞከረ፤ ሁለቴም ጠፋ። ሩብ ሰዓት ሲቀረው በሯን አንኳኳ።

"እሜቴ፣ ተቀየምሽኝ?"

"አልተቀየምኩም" አለች፣ ኩርፊያዋ በድምፅዋ እየተሰማ።

"እንግዲያው ነይ፣ ጉዴን እይልኝ።"

አጠገቡ ተቀመጠች፤ ታብሌቱን ግን አልነካችም።

"ረዳት ኮንታክት ሥራው ምንድን ነው?"

"ሞተሩ አንዴ ከተነሳ፣ ጣትሽን ብታነሺም ራሱን ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል።"

"መብራቱስ ራሱን በምን ይያዝ?"

ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሽቦዎች በጣቱ ተከተለ።

"ከመውጫው ወደ መግቢያው ልመልሰው? እንዲህ የተመለሰ ሽቦ እኮ ይነዳል!"

"እዚህ ምንም አይነድም፣ አባዬ።"

ከመብራቱ አንድ ሽቦ ስቦ ወደ "ወይም" ሁለተኛ መግቢያ መለሰው። ተጫነ፤ ለቀቀ። መብራቱ አልጠፋም። በ"አይደለም" እና በ"እና" በኩል ቀድሞ ያሰረውን ሌላውን ቁልፍ ነካ፤ ጠፋ። ልጅቱ ከሱ ቀድማ አጨበጨበች።

መልሱን ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፦ "የረዳዎት ሰው አለ?"

"የለም በል፤ ማን ያውቃል?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አራት ደቂቃ ቀርቷል። የግምጃ ቤቱ ብሎኖች ዓይኑ ላይ ድቅን አሉበት። "አለ" የሚለውን ተጫነ፤ ከሥሩ "ማን?" የሚል ሲመጣ "ልጄ" ብሎ ጻፈና ላከው።